ሰው ሰራሽ ሳራችን ላይ ፍም ወድቆ ተበሳ፣ እሁድ ምርቃት አለብን፣ እባካችሁ ቶሎ

ሚጡ ከሰሚት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ምድጃው ተንሸራተተና ፍሙ ሳሩ ላይ ተደፋ፣ ውሃ እስክናመጣ የቁርስ ሰሃን የሚያህል ቦታ ተበሳ፣ ዙሪያው ጠቁሮ እንደ ድንጋይ ደርቋል ሽታው ራሱ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። እሁድ የታናሽ እህቴ ምርቃት ነው እንግዳው የሚቀመጠው እዛው ላይ ነው። የገጠሙልን ልጆች ስልክ አያነሱም። ማስቲሽ ይይዘዋል? ደሞ በአጥሩ በኩል ሌላ ቦታ ሳሩ ተኮማትሮ ቀጭን መስመር ሰርቷል፣ እዛ ግን ከሰል ደርሶ አያውቅም። ሳሩ ራሱ ፎርጅድ ይሆን?

ጫማ ሰሪው፦
ማስቲሽ ይይዛል እህቴ። ቁራጭ ተርፏችኋል?

የቀድሞ ሰፈር፦
እንኳን ሰው አልተቃጠለ እናቴ፣ ሳር ይተካል።

ጓሮ ወዳድ፦
እኔ የማይገባኝ ነገር፣ ለምንድነው የምትጠግኚው? አንሺው! አዲስ አበባ እኮ በረሃ አይደለችም፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ራሱ ያጠጣልሻል። ሰርዶ ብትተክዪ ብትረግጪው ብትቆርጪው ተመልሶ ይበቅላል፣ አህያዋ እንኳን እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው ያለሷም እንደሚበቅል ስለምታውቅ ነው። ፕላስቲክ ስር አፈሩ ይታፈናል፣ ትል የለም፣ ትል ከሌለ ወፍ አይመጣም፣ ፀሐይ ሲመታው እየተሰባበረ የሚወጣው ብናኝ ደሞ ጎርፍ ወስዶት ወንዝ ይገባል። አውሮፓ ህብረት እኮ በፈረንጆች 2023 ባወጣው ደንብ የኳስ ሜዳ ሳር ላይ የሚነሰነሰውን የጎማ ጥራጥሬ ከ2031 ጀምሮ እንዳይሸጥ ወስኗል። ቡና እኮ በቄጠማ ነው የሚያምረው፣ አሁን መንገድ ዳር ጀበና ቡና ሁሉ ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ።

የአራት ልጆች እናት፦
ጓሮ ወዳድ ያልከው እውነት ሊሆን ይችላል ግን እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ለመጠጥ ያጠራቀምኩትን ሳር ላጠጣ? በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ ነበር፣ ልጆቼ ከነጭቃቸው አልጋ ላይ ይወጡ ነበር። ሳሩን ካስነጠፍኩ ሶስት ክረምት አለፈ፣ ተገላግያለሁ። ጥፋት አለው አልልም፣ በጥርና በየካቲት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሳሩ ግሎ ትንሹ ልጄ ባዶ እግሩን ወጥቶ እያለቀሰ ነው የተመለሰው፣ ስለዚ በሱ ሰዓት አይወጡም። ሚጡዬ አይዞሽ ይስተካከላል።

ኮንትራክተሩ፦
ሳሩ ፖሊኤቲሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ የከሰል ፍም ከ600 በላይ ነው። ፎርጅድ ሆኖ አይደለም፣ ኦርጅናሉም ይበሳል። ግን ዋናውን ነገር አልነገርሽንም፣ የተነጠፈው አፈር ላይ ነው ሊሾ ላይ?

ቢኒ ቢኒ፦
ማስቲሽ ግዢ ማስቲሽ

ሚጡ ከሰሚት፦
ሊሾ ላይ ነው ይቅርታ። ቁራጭ አልተረፈም፣ የተረፈውን ገጣሚዎቹ ይዘውት ሄዱ። ጓሮ ወዳድ ሀሳብዎን አከብራለሁ ግን እስከ እሁድ ሰርዶ አይበቅልልኝም። አሁን ደሞ የተበሳውን ዳር በእጄ ገለጥ ሳደርገው ከስር እርጥብ ነው፣ በጣም ይሸታል፣ ውሻ አለን።

ጫማ ሰሪው፦
ቁራጭ ከሌለ ከማይታይ ቦታ ውሰጂ፣ ከሮቶው ስር ወይ ከበሩ ጀርባ። የተቃጠለውን በክብ እንዳትቆርጪው፣ አራት ማዕዘን አድርጊው፣ ሳሩን ገልብጠሽ በጀርባው በኩል በከተር ቁረጪ፣ ጀርባው ላይ የስፌት መስመሮች ታያለሽ በሁለቱ መሃል ነው የምትሄጂው። ከፊት ከቆረጥሽ ፀጉሩን ትጨርሺዋለሽ ስፌቱ ያስታውቃል። የወጣውን ቁራጭ እንደ ልክ ተጠቀሚበት፣ አዲሱ ላይ አስቀምጠሽ አስምሪ። እና ዋናው ነገር የሳሩ ፀጉር ወደየት እንደተኛ እይ፣ በእጅሽ ዳሰስ ስታደርጊው ይገባሻል፣ አዲሱም ወደዛው ካልተኛ ቀለሙ የተለየ ይመስላል፣ እንግዳው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው።
ከስር ደሞ ከቀዳዳው በአራቱም በኩል አንድ ስንዝር የሚተርፍ ጠንካራ ሸራ አስገቢ። ማስቲሹን ሸራው ላይም ሳሩ ጀርባም ቀቢና ወዲያው አትለጥፊ፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ በጣትሽ ስትነኪው ሳብ ሲያደርግሽ ግን ጣትሽ ላይ ሳይጣበቅ ሲቀር ያኔ ተጫኚው። ብሎኬት ጭነሽበት ይደር። እርጥብ ላይ ግን ማስቲሽ አይሰራም፣ መጀመሪያ ይድረቅ።

ኮንትራክተሩ፦
ጫማ ሰሪው ያለው ልክ ነው። ግን ሚጡ ችግርሽ ቀዳዳው አይደለም ስሩ ነው። ሳሩ ራሱ ጀርባው ላይ ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ አለው፣ ውሃው ያልፋል፣ ካለፈ በኋላ ሊሾው ስሎፕ ከሌለው የትም አይሄድም እዛው ይተኛል፣ የውሻው ሽንትም አብሮ። አንድ ሊትር ውሃ ሊሾው ላይ አፍስሺና ወደየት እንደሚሄድ እይ። ወደ ፍሳሹ ካልሄደ ወይ ስሎፑ ተበላሽቷል ወይ የፍሳሹ አፍ ላይ ሳሩን ደፍነው አንጥፈውበታል፣ ሁለተኛውን በየቤቱ ነው የማየው።

ሄለንዬ፦
ለሽታው በረኪና ድፊበት በቃ፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው

ላብራቶሪ፦
እባክሽ ሚጡ በረኪናውን ተዪው! የውሻ ሽንት አሞኒያ አለው፣ በረኪና ሲነካው የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በተለይ ጎንበስ ብለሽ እየሰራሽ። አቼቶም በረኪናም አብሮ የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ እሱ ደሞ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚያወጣው፣ በሽተኛ ሆኖ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ በብዙ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቢው፣ ከዛ አቼቶ በውሃ አቅጥነሽ እርጪና ቆይተሽ አለቅልቂው። አቼቶ ብቻውን፣ ምንም ሳትቀላቅዪ።

ሄለንዬ፦
አላወቅኩም ነበር እግዜር ይስጥልኝ 🙏

የቬጋሱ፦
ሰላም ከላስ ቬጋስ። እዚ ግማሹ ሰፈር ፕላስቲክ ሳር ነው፣ ግዛታችን ኔቫዳ በፈረንጆች 2021 ባወጣችው ሕግ ለጌጥ ብቻ የተተከለ እውነተኛ ሳር በየመንገዱ መሃልና በየቢሮው ደጅ ከ2027 ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ እንዳይጠጣ ተከልክሏል፣ የመኖሪያ ቤት ግቢ ግን ሕጉ ውስጥ የለበትም፣ ሰዉ ግን ውሃ ለመቆጠብ ራሱ እየነቀለ ነው። በጋ ላይ ሳሩ 60 ዲግሪን ያልፋል፣ ውሻዬ ራሱ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው።
የጻፍኩት ግን ስለ መስመሩ ነው። በአጥሩ በኩል ተኮማተረ ያልሽው፣ ፊት ለፊቱ መስኮት አለ? የሚያንፀባርቅ መስታወት? እኔም ቤት ልክ እንደዛ ቀጭን መስመር ሰርቶ ሻጩን ልከስ ነበር። የጎረቤቴ መስኮት ፀሐዩን እየሰበሰበ ሳሬ ላይ እየላከው ኖሯል፣ ፀሐይዋ ስትንቀሳቀስ ነጥቡም ስለሚንቀሳቀስ ነው መስመር የሚሆነው። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚበራ ቁሚና እይው።

ሚጡ ከሰሚት፦
እንዴ!! ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት ነው ጂ ፕላስ ቱውን የጨረሱት መስኮቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት ነው!! እኛ በሳሩ ነበር የምናማው። አሁን ደመና ስለሆነ አይታይም ግን መስመሩ ልክ በሱ ትይዩ ነው። የኔ ጌታ በጣም አመሰግናለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?

የቬጋሱ፦
ጥላ የሚሰጥ ነገር መሃል ላይ አድርጊ፣ መረብም ይሁን ሐረግ። እነሱም መስኮቱን ከውጪ በመረብ ቢሸፍኑት ያቆማል። በሰላም ተነጋገሩ፣ አውቀው አይደለም።

ጓሮ ወዳድ፦
ሚጡ ስለጮህኩብሽ ይቅርታ ልጄ። ግን ዳር ዳሩን አንድ ሜትር እንኳን አንሺውና ሊሾውን አስፈንቅለሽ አፈር አድርጊው፣ ውሃውም ይሰርጋል፣ ጥላ የሚሆንሽን ሐረግም እዛው ትተክዪበታለሽ፣ ችግኙን እኔ እሰጥሻለሁ።

ሚጡ ከሰሚት፦
ጋሼ ኧረ ምንም አይደል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከምርቃቱ በኋላ እንነጋገራለን። ፍሳሹን አገኘሁት ኮንትራክተሩ እንዳልከው ሳሩ ስር ተደፍኖ ነበር፣ ወንድሜ በከተር ሲከፍተው ጥቁር ውሃ ወጣ ግማሽ ባልዲ የሚሆን ጭቃም ተዛቀ። አጥበነዋል። ግን አሁን ደመናው ከብዷል፣ ማስቲሹን ዛሬ ልቀባው ወይስ ነገ?

ጫማ ሰሪው፦
ዛሬ አትቀቢ። ሳሩን እስከ መሃል ጠቅልለሽ ሊሾው ላይ ላስቲክ ዘርጊና በድንጋይ ያዢው፣ ዝናቡ ሲያልፍ ይደርቃል። ሸራውንና ቁራጩን ግን ዛሬ ቤት ውስጥ ቆርጠሽ አዘጋጂ፣ ነገ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል ወዲያው እንድትለጥፊ።

ቢኒ ቢኒ፦
ማስቲሹ ስንት ገባ ግን?

የአራት ልጆች እናት፦
ሚጡዬ እሁድ ቡናው ሳሩ ላይ አይፈላ፣ ምድጃውን ከነረከቦቱ ወደ በረንዳው አውጡት፣ ወይ ከስር ሰፊ የብረት ትሪ ላይ አሸዋ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ለእህትሽ እንኳን ደስ አላችሁ በይልኝ።

ኮንትራክተሩ፦
ሚጡ ውሃ አፍሰሽ ሞከርሽው? ወደ ፍሳሹ ሄደ?