የደብል ቤዝ ግዢ፦ ለጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ያገለገለ ደብል ቤዝ፣ ማለትም ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባለ ክር መሣሪያ፣ ተገኝቷል። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ጭነን ከማምጣታችን በፊት ምን ዓይነት እንደምንገዛ እንስማማ። የኔ መነሻ፦ «ሙሉ እንጨት ካልሆነ አንገዛም።»

ቤዝ ተጫዋች፦ ሰብሳቢያችን፣ እሷን ባናጸድቃት ይሻላል። ጥሩ የሚባለው ሙሉ እንጨት ፊቱ ከስፕሩስ ዛፍ፣ ጀርባውና ጎኑ ከሜፕል ዛፍ ይሠራል። ድምፁም ይለያል፣ አልክድም። ግን የኛን አየር አስቡት። ከ2,700 ሜትር በላይ ነን። ክረምቱ እርጥበት፣ ከጥቅምት ወዲያ ውርጭና ደረቅ ነፋስ። ሙሉ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ኮምፔርሳቶ ግን ስስ የእንጨት ንብርብሮቹ ተሻግረው ስለሚጣበቁ እንደዚያ አይሆንም። ከአዳራሽ አዳራሽ ለሚጫን መሣሪያ እኔ ኮምፔርሳቶውን እመርጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሻጩ ግን «ሙሉ እንጨት ነው» ብሎ ዋጋ ሰቅሏል። በምን እናውቃለን?

ቤዝ ተጫዋች፦ እህቴ፣ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በባትሪ እዪው። የፊቱ መስመር ውፍረቱን አቋርጦ ወደ ውስጥ ከወረደ ሙሉ እንጨት ነው። ንብርብር ከታየሽ ኮምፔርሳቶ ነው። ፊቱ ሙሉ፣ ጀርባው ኮምፔርሳቶ የሆነም አለ። ሻጭ «ሙሉ» ሲል ያንን ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱንም እዪ።

አናጺው፦ እኔ የማውቀው ዋንዛና ጽድ ነው። ስንጥቅ ግን የትም ስንጥቅ ነው። የቱ ነው የሚያስፈራው?

ቤዝ ተጫዋች፦ ጋሼ፣ ጠርዙ ላይ ሙጫው ለቅቆ ከሆነ አይስጉ። እንጨቱ ከሚሰነጠቅ ሙጫው እንዲለቅ ሆን ተብሎ ነው የሚሠራው። ዙሪያውን በጣት አንጓ ኳ ኳ ያድርጉት፣ የላላው ቦታ ይንጫጫል። የሚያስፈራው ውስጥ የቆመችው ምሰሶ ያረፈችበት ቦታ የተሰነጠቀ እንደሆነ ነው። የክሩ ጫና እዚያ ነው የሚወርደው፣ ጥገናውም ውድ ነው። የአንገቱን መጋጠሚያም እርስዎ ቢያዩልን ደስ ይለኛል። የጣት ሰሌዳው ደግሞ ዞጲ ነው ወይስ ጥቁር ቀለም የተቀባ? ቀለም ከሆነ ጣት የሚያርፍበት ተግጦ ነጣ ይላል።

ክራር ተጫዋች፦ ቤዝ ክራር አለን እኮ!

ቤዝ ተጫዋች፦ አለን። እሱም ይቀጥላል።

ገንዘብ ያዥ፦ የክርና የማስተካከያ ወጪ ለብቻው ይጻፍልኝ። የደብል ቤዝ ክር እንደ ጊታር ክር አይደለም፣ ውድ ነው።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ተረታሁ። ረቂቁ፦ «ባለ 3/4 መጠን (በብዛት የሚሠራበት)፣ ኮምፔርሳቶ ወይም ፊቱ ብቻ ሙሉ እንጨት የሆነ ይገዛ። ምሰሶው አካባቢና አንገቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ይቅር። ለክርና ለማስተካከያ የተለየ በጀት ይያዝ። አናጺውና ቤዝ ተጫዋቹ አይተው ሳይፈርሙ ክፍያ አይፈጸም።» የሚቃወም አለ?

አናጺው፦ የለም። በምን እናመጣዋለን ግን? አይሱዙ ላይ ከጤፍ ጋር አላስጭነውም።

ቤዝ ተጫዋች፦ ወንበሩ የሚታጠፍ ሚኒባስ ይበቃናል። ሲጫን ክሩን በሙሉ እንዳታላሉት ብቻ፣ ምሰሶዋ ትወድቃለች።