በቤት የተሠራ የአኳሪየም ድንጋይ፦ የሲሚንቶው ኖራ መቼ ነው የሚያልቀው?

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። 75 ጋሎን፣ ማለትም 284 ሊትር ገደማ የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም (የዓሣ ማርቢያ መስታወት) አለኝ፤ ወደፊትም ኮራል፣ ማለትም በባሕር አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ፣ ላሳድግበት አስቤአለሁ። ከባሕር የወጣው ሕያው ድንጋይ፣ ማለትም ጠቃሚ ባክቴሪያ የሰፈረበት ድንጋይ፣ በፓውንድ እየተመዘነ ስለሚሸጥ ዋጋው ከበደኝና ድንጋዩን ራሴ ለመሥራት ወሰንሁ። አንድ እጅ ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ የተፈጨ የኦይስተር (የባሕር ዛጎል) ቅርፊት፣ በኋላ ሟሙቶ ቀዳዳ እንዲተውም ሦስት እጅ የገበታ ጨው ቀላቅዬ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በቆፈርሁት ጉድጓድ ቅርጽ አወጣሁለት። ከስድስቱ ድንጋዮች ሁለቱ ሳነሣቸው እጄ ላይ ፈረሱ። የቀሩትን አራቱን በተጣራ ውሃ ከዘፈዘፍኋቸው ሦስት ሳምንት ቢሆናቸውም የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱና የአልካላይነቱ መለኪያ) እስከ ዛሬ ከ10 በታች አልወረደም። በአቼቶ ብዘፈዝፋቸው ቶሎ እንደሚስተካከሉ የነገረኝ ሰው አለ። ምክሩ ትክክል ነው? ድንጋዮቹስ የፈረሱት በምን ምክንያት ይሆን?

መልስ 1

ሙያዬ ግንባታ ስለሆነ ከሲሚንቶው ልጀምር። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለሚደርቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር ስለሚዋሐድ ነው፤ በዚህ ውሕደት ውስጥ ቅርፊቱን አጣብቆ ከሚይዘው አካል ጋር ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ኖራ፣ አብሮ ይፈጠራል። በኖራ የጠገበ ውሃ ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ፣ እርስዎ በባልዲው ውስጥ ያዩት 10 የብልሽት ምልክት ሳይሆን ኖራው እየወጣ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። በዚያ ላይ የተጣራ ውሃ ለውጥን የሚቋቋም ማዕድን ስለሌለው ጥቂት ኖራ እንኳ ፒኤቹን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ውሃውን በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይለውጡ፤ እንደ ድንጋዩ ውፍረት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሊወስድ ይችላል።

ድንጋዮቹን ያፈረሳቸው ጨው ይመስለኛል። ደቃቅ ጨው ሲሚንቶው ሳይጠነክር በመቀላቀያው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ሦስት እጅ ሲሆን ደግሞ አጣባቂው ቅርፊቱን የሚይዝበት ቦታ አያገኝም። ሌላ ነገር ያልተጨመረበት ሻካራ ጨው ከአንድ እጅ ሳያስበልጡ፣ ቅርፊቱን ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጅ አድርገው ይሞክሩ። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምረው፣ ድብልቁ እንደ በሶ ጭብጦ በእጅ ሲጨበጥ የሚይዝ ነገር ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ሲሆን ያቁሙ። ቅርጽ ካወጡለት በኋላ ሁለት ሦስት ቀን በፕላስቲክ ሸፍነው እርጥበቱን ይጠብቁለት፤ በአገር ቤት አዲስ ኮንክሪት በጆንያ ተሸፍኖ ውሃ የሚጠጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ጠጠርና አሸዋ የተቀላቀለበትን ወይም ቶሎ እንዲይዝ የተዘጋጀውን ከረጢት አይግዙ። የጎማ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል።

መልስ 2

ስለ ሲሚንቶው የተጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ እኔ የምጨምረው አቼቶውን በሚመለከት ነው። አቼቶ በድንጋዩ ገጽ ላይ ያለውን ኖራ ስለሚያጠፋ ፒኤቹ በአንድ ቀን ይወርድና ሥራው ያለቀ ያስመስላል፤ በውስጥ የቀረው ኖራ ግን ቀስ እያለ መውጣቱን አያቆምም፤ ከሳምንት በኋላ ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል። ያን ጊዜ ድንጋዩ አኳሪየም ውስጥ ገብቶ ከሆነ ጉዳቱ የዓሣዎቹና የኮራሎቹ ነው። አቼቶው የኦይስተር ቅርፊቱንም ይበላዋል፤ ታጥቦ ያልወጣው ቅሪት ደግሞ ባክቴሪያ በድንገት እንዲራባና ውሃው እንዲደፈርስ ያደርጋል። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ ተቻኩዬ በዚሁ መንገድ ሄጄ ሁለት ቀንድ አውጣዎች ሞተውብኛል።

የመጨረሻውን ፈተና በተጣራ ውሃ አያድርጉት። ልዩ ክብደቱ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር) 1.025 የሆነ የጨው ውሃ በሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ በአንደኛው ድንጋዩን ያስገቡ፣ ሁለተኛውን ባዶውን ይተዉት፤ በሁለቱም ውስጥ ትንሽ ፓምፕ ያስገቡና ውሃውን ሳይለውጡ አራት ቀን ይጠብቁ። የሁለቱ ፒኤች ተቀራራቢ ከሆነ፣ ለምሳሌ ልዩነቱ ከ0.1 ካልበለጠ፣ ድንጋዩ ደርሷል ማለት ነው። ባዶውን ባልዲ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ የቤት ውስጥ አየር የተቃጠለ አየር ሲበዛበት ፒኤችን ዝቅ ስለሚያደርግ ያለ ማነጻጸሪያ ቁጥሩ ያሳስታል።

መልስ 3

ከሁለታችሁም የምለይበት አንድ ነጥብ አለኝ፤ ኖራው ያለቀለት ድንጋይ ገና ሕያው ድንጋይ አይደለም። ሕያው የሚያሰኘው ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ሲሰፍሩበት ነው፤ ይህም በራሱ ብዙ ሳምንታት ይወስዳል። ከታመነ ሰው አኳሪየም መዳፍ የምታህል አንዲት ሕያው ድንጋይ ወስደው በመካከላቸው ቢያኖሩ ባክቴሪያው ከእርሷ ይዛመታል፤ ሐምራዊው አልጌም በወራት ውስጥ ሲሚንቶውን ይሸፍነዋል። ነገር ግን አይፕታሲያ የምትባለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ አብራ እንዳትገባ ድንጋይዋን በሚገባ ይመርምሩ፤ በቤት የተሠራ ድንጋይ ትልቁ ጥቅም ከእንዲህ ያለው እንግዳ ነጻ መሆኑ ነው።

ዋጋውን በሚመለከትም፣ ሕያው ድንጋይ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊጂ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ወደ ውጭ እንዳይላክ አግዳ ነበር፤ በፍሎሪዳም ከተፈጥሮ ሪፍ (የኮራል አለት) ላይ ማንሣት የተከለከለ ስለሆነ አምራቾች ከየብስ የተፈለጠ የኖራ ድንጋይ በተፈቀደላቸው የባሕር ወለል ላይ አስቀምጠው ከዓመታት በኋላ ያወጡታል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አቼቶውን ትቼዋለሁ፤ አራቱን ድንጋዮች በየሦስት ቀኑ ውሃ እየለወጥሁ እጠብቃለሁ፤ የፈረሱትንም በሻካራ ጨው እንደ አዲስ እሠራለሁ። ሲደርሱ ከአሸዋው በላይ ነው ወይስ በቀጥታ በመስታወቱ ላይ ላስቀምጣቸው?

መልስ 1

በመስታወቱ ላይ ነው፤ አሸዋው በኋላ ዙሪያቸውን ይፈስሳል። አሸዋ የሚቆፍር ዓሣ ካለዎት ከሥራቸው ሲቦረቡር ድንጋዩ ይናድና መስታወቱን ሊሰብረው ይችላል። የሚደራረቡትን በፕላስቲክ ዘንግ ያያይዟቸው እንጂ ብረት ወይም የመዳብ ሽቦ አያስገቡ፤ መዳብ ለኮራልም ለቀንድ አውጣም መርዝ ነው።