ዲስኩ ደብረ ብርሃን ላይ ለምን ቶሎ ይወድቃል?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ወንድሜ ከአሜሪካ የዲስክ ጎልፍ መጫወቻ (ወደ ቅርጫት የሚወረወር ጠፍጣፋ ክብ ዲስክ) ልኮልኝ ነበር። ሸዋ ሮቢት ስወረውረው አሪፍ ይሄዳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ቶሎ ወደ ግራ ታጥፎ ዱብ። እጄ ነው ወይስ ብርዱ?

መልስ 1፦ ብርዱ እንኳ አይደለም፣ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ዲስኩን ደግፎ የሚይዘው ደግሞ አየር ነው።

መልስ 2፦ ግራው ግን የትም አይቀርልህም። ቀኝ እጅህን ከግራ ጎንህ አምጥተህ ስትወረውር፣ ከላይ ሲያዩት በሰዓት አቅጣጫ ይሽከረከራል። ፍጥነቱ ሲቀንስ አየሩ የፊቱን ጠርዝ ሽቅብ ይገፋዋል፣ የሚሽከረከር ነገር ደግሞ ግፊቱን 90 ዲግሪ አዙሮ ነው የሚመልሰው፣ ስለዚህ ወደ ግራ ያጋድላል።

መልስ 3፦ ቀለል ያለ ዲስክ ሞክር፣ በደንብም አሽከርክረው። ጣርማ በር ገደል አፍ ላይ ብቻ እንዳትወረውር፣ የኔ እዚያው ቀርቷል።