ባሕር በሌለበት አገር ውቅያኖስን ማን ያስተምር? የቱሉ ዲምቱ ወላጆችና መምህራን ክርክር

የጂኦግራፊ መምህርቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የወላጅ ኮሚቴው በወር አንድ ቅዳሜ ለልጆቻችን የሳይንስ ቀን እንዲኖር ገንዘብ እንዳዋጣ ታውቃላችሁ። እኔ የመጀመሪያው ርዕስ ውቅያኖስ ይሁን ብዬ ነበር። በስብሰባው ላይ ሁለት ጥያቄ ተነሣ፤ ሰዓት ስላልበቃን እዚህ በጽሑፍ እንቀጥል። አንደኛው «ባሕር የለንም፤ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የባሕር ሳይንቲስቶች የደረሱበትን ለመምህርና ለሕዝብ ማካፈል ግዴታቸው ነው ወይስ ውለታ?» የሚል ነው።

በኔ በኩል ግዴታቸው ነው። የውቅያኖስ ምርምር መርከብ ይጠይቃል፣ ሳተላይት ይጠይቃል። ገንዘቡ በአብዛኛው ከሕዝብ ካዝና ነው የሚወጣው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ገንዘብ የሚጠይቅ ተመራማሪ ሥራው ለኅብረተሰቡ ምን እንደሚጠቅም እንዲያስረዳ ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን ላስምርበት። ሳይንቲስት መጥቶ፣ ስላይድ አሳይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ቢሄድ አይጠቅመኝም። ሰኞ ጠዋት ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ትምህርቱን ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ ያዘጋጅ ነው የምለው።

የብሎክ 31 አባት፦

መምህርት፣ ልፋትዎን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እውነቱን እንነጋገር። ልጄ 9ኛ ክፍል ደርሳ ማይክሮስኮፕ የምታውቀው በሥዕል ነው። የቤተ ሙከራው በር ከተቆለፈ ቆይቷል። ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ከኪሳችን ያወጣነው ብር ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ዕቃ ይዋል። የዓሣ ነባሪ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል።

ግዴታ የተባለውም አልገባኝም። የአሜሪካ ሳይንቲስት ግዴታ ካለበት ለአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው። እኛ በምን ሒሳብ ነው የምንጠይቀው?

የገበሬው ልጅ፦

ወንድሜ፣ በምን ሒሳብ እንደምንጠይቅ እኔ ልንገርህ። አባቴ እዚሁ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ጤፍና ሽምብራ ያርሳል። ግንቦት ላይ የክረምቱ ትንበያ በቴሌቪዥን ሲነገር «ድምፅ ጨምሩ» ይላል። የሚሰማው ግን «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» የሚል ነው። ከዚያ ስለ ፓስፊክ ውቅያኖስ የገጽ ሙቀት ይከተላል። ዞር ብሎ «እና ምን ልዝራ?» ይለኛል። የኮሌጅ ተማሪ ነኝ፤ የምመልሰው የለኝም።

በ2007 ክረምት ዝናቡ ሲጠፋ በየዜናው ኤልኒኖ ኤልኒኖ ይባል ነበር። በ2008 የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። የዚያ ድርቅ ዋና ምክንያት ውቅያኖስ ላይ ነበር። አባቴ ታዲያ እንዴት አያገባውም?

የአየር ንብረት ተመራማሪው፦

እኔም እዚሁ ሰፈር ነኝ፣ እንጀራዬም ይኸው ሥራ ነው፤ ልግባበት።

ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ ነው። የሞቀው ውሃ ቦታ ሲቀየር፣ አየር ወደ ላይ የሚወጣበትና ዝናብ የሚጥልበት ቦታም አብሮ ይቀየራል። ለክረምታችን እርጥበት የሚያመጣው የአየር ዝውውር ይዳከማል። ስለዚህ በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ዕድሉ ነው ያልኩት። ኤልኒኖ በመጣ ቁጥር ይደርቃል ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ በመጸው ከወትሮው በላይ ሊዘንብለት ይችላል።

የሕንድ ውቅያኖስም አለ። በ2012 መጸው በአፍሪካ ቀንድ በኩል ያለው ውሃ በጣም ሞቆ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካን ጎርፍ መታው፤ እርጥበቱ ለአንበጣውም ተመቸው። ከዚያ የኤልኒኖ ተቃራኒ የሆነችው፣ ያው የፓስፊክ ክፍል ከወትሮው ሲቀዘቅዝ የምትከሰተው ላኒና ሦስት ዓመት ተከታተለችና ቦረናና ሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅት በላይ በላዩ ከዳቸው። «ባሕር የለንም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ አስባለሁ።

«ግዴታ» የሚለው ላይ ግን ከመምህርት ጋር አልስማማም። ተመራማሪ የደረጃ ዕድገት የሚያገኘው ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ከመምህር ጋር ተቀምጦ ያሳለፋትን ቅዳሜ የሚቆጥርለት የለም። ሳይቆጠርለት ግዴታ ብታደርጉበት ለይስሙላ ይሠራዋል። አንድ ፖስተር ለጥፎ «ለሕዝብ አሳውቄአለሁ» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ሌላም ስጋት አለኝ። ትንበያ ስናቀልል «ዘንድሮ ይደርቃል» ብለን ዘንቦ ከተገኘ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚሰማን አይኖርም።

የሚሻለው መሐል ላይ የሚቆም ባለሙያ ነው። ሳይንሱን የሚያውቅ፣ የክፍልንም ነገር የሚያውቅ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የውቅያኖስ ሳይንቲስቶችን ከመምህራን ጋር የሚያገናኙ ማዕከላት ለዚሁ ነበር የተቋቋሙት።

ጡረታ የወጡት መምህር፦

ልጆቼ፣ ፕላዝማን የምታስታውሱ አላችሁ? በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ስክሪን ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ነበር የሚመጣው። እኔ ያኔ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ሰጥታ «አሁን ሥሩ» ትላለች። ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። እጁን ያወጣ ልጅ ማንን ይጠይቅ? እሷ አትሰማው። እኔ ላስረዳው ስጀምር ትምህርቱ ጥሎን ሄዷል። መብራት የጠፋ ቀንማ የዕለቱ ትምህርት እንዳለ ያልፈን ነበር።

ሥዕሉ ግሩም ነበር፤ ይህን አልክድም። የሴል ክፍፍልን በጠመኔ እንደዚያ አድርጌ ላሳይ አልችልም። የጎዳን ነገር መምህሩን አልፎ መሄዱ ነው። ዛሬም «ሳይንቲስቱ በቪዲዮ ይምጣልን» ሲባል ያ ትዝ ይለኛል። መምህሩ ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስና በራሱ ምሳሌ ማስረዳት የሚችልበት ነገር ይሁን። ካልሆነ ይቅርብን።

መርከበኛው፦

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ እኔ ራሴ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነበርኩ።

ባቦጋያ ካለው የማሪታይም ተቋም ተመርቄ በመርከብ ላይ ኢንጂነር ሆኜ እሠራለሁ። አሁን ዕረፍት ላይ ነኝ። በሞተር ክፍል ውስጥ ከባሕር የሚሳበው የማቀዝቀዣ ውሃ በሚገባበት ቧንቧ ላይ ቴርሞሜትር አለ። ተረኛው እያነበበ መዝገብ ላይ ይጽፋል። በክረምት ቀይ ባሕር ውስጥ ስትገባ ንባቡ 30 ዲግሪን ያልፋል። ያኔ ሞተሩን ማቀዝቀዝ ጭንቅ ነው፤ እኛም በላብ እንጠመቃለን። ያ ቁጥር ለኛ የሞተር ጤንነት ነው። ሳይንቲስቶች ግን የውቅያኖስን የሙቀት ታሪክ በብዛት የሠሩት ከመርከቦች በተሰበሰበ እንዲህ ባለ ንባብ ነው። እኛ እዚህ ቆመን የምናያቸው ከጅቡቲ በፍጥነት መንገዱ የሚመጡት ኮንቴነሮች በእንዲህ ዓይነት መርከብ የተጫኑ ናቸው። ይህን ለአንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ብነግረው የሚሰማኝ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ አርጎ የሚባሉ ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መለኪያዎች በየውቅያኖሱ አሉ። 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆነው ከውሃው ጋር ይጓዛሉ። በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ይወርዱና፣ ሲወጡ ሙቀትና ጨዋማነት እየለኩ፣ ገጹ ላይ ሲደርሱ በሳተላይት ይልካሉ። መረጃው ነፃ ነው፤ ማንም ማውረድ ይችላል። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ አላካፈሉም ማለት ይከብደኛል። ያካፈሉት ግን እርስ በርሳቸው በሚግባቡበት መልክ ነው።

የብሎክ 31 አባት፦

ይኼማ የኔን ክርክር ያጠናክራል። መረጃው በነፃ ካለ ብራችንን ለምን እናወጣለን? የሌለን መረጃ አይደለም። የሌለን መብራት፣ የኢንተርኔት ጥቅል መግዣና የእንግሊዝኛ ችሎታ ነው። እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ የመጣ ልጅ የሳይንስ ቃል በእንግሊዝኛ ሲወርድበት ይሸመድዳል እንጂ አይገባውም። በዚህ ላይ ሌላ የሚሸመደድ ነገር አትጨምሩበት።

የገበሬው ልጅ፦

ቋንቋ ላይ ተስማምተናል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአርጀንቲና ሳይንቲስቶች ማር ዴል ፕላታ አጠገብ ያለውን የባሕር ሸለቆ በሮቦት ሲያጠኑ ሥራቸውን በቀጥታ በዩቲዩብ አስተላለፉ። በስፓኒሽ፣ በራሳቸው አነጋገር ነው ያወሩት። ሰው የጠየቀውን እየመለሱ፣ አዲስ ፍጥረት ሲያዩ እየጮኹ። በአንድ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይከታተል ነበር። ለሳይንቲስት ብቻ የሚመስለውን ነገር ሕዝቡ እንደ ኳስ ጨዋታ አየው። እኔ ስፓኒሽ አልችልም፤ ቁርጥራጩን ሳይ ግን ደስታቸው ገብቶኛል። በአማርኛ ቢሆንስ? አባቴን ካነሳሁ አይቀር በአፋን ኦሮሞስ ቢሆን? እሱ ስለ ዝናብ የሚያስበው በአፋን ኦሮሞ ነው።

የጂኦግራፊ መምህርቷ፦

የብሎክ 31 አባት፣ ስለ መሸምደድ ያሉት የኔም ሕመም ነው። ለዚህ ነው ከቪዲዮ መጀመር የማልፈልገው።

ወደ ጎጃም ስትሄዱ የዓባይን በረሃ ስትወርዱ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ተደራርቦ ታያላችሁ። ውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪት አለ። ያ ቦታ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ባሕር ነበር። በሙገር ሸለቆ ያለው የኖራ ድንጋይም የዚያው ባሕር ነው፤ ሲሚንቶ የሚሠራው ከሱ ነው። የዚህ ሰፈር ሕንፃ በምን ተገነባ? ልጆቹ ባሕር አይተው አያውቁም ትሉኛላችሁ እንጂ የሚኖሩበት ግድግዳ ውስጥ የባሕር ወለል ሊኖር ይችላል። ድንጋዩን በእጃቸው ይዘው፣ የዛጎሉን መስመር በጣታቸው እየዳሰሱ ይህን ቢሰሙ መብራትም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉበት ሲፈላ ካዩማ ኬሚስትሪውም መጣ።

አፋር ደግሞ አለ። በ1998 መስከረም ዳባሁ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ተሰነጠቀ፤ እስከ 8 ሜትር የተራራቀበት ቦታ ነበር። አዲስ ውቅያኖስ እንዴት እንደሚወለድ ለማየት ዓለም ወደኛ ነው የመጣው። የኛም ሳይንቲስቶች አብረው አጥንተዋል፤ ጥናቱ በዓለም መጽሔቶች ታትሟል። እኔ ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ግን በእጄ የለም። ይህን ነው ግዴታ የምለው። መቶ ገጽ አልጠየቅኩም።

ተመራማሪው ወንድሜ፣ መሐል የሚቆም ባለሙያ ይኑር ያልከውን እደግፋለሁ። እስኪቀጠር ድረስ ግን መሐል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ያንተ ዕድገት የማይቆጥረው ቅዳሜ ለኔ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው።

የአየር ንብረት ተመራማሪው፦

መምህርት፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ እምቢ ማለት አልችልም። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሥራ በዕድገት መስፈርት ውስጥ ያስገቡት ብዬ ግን እከራከራለሁ፤ ያለዚያ የሰው ፈቃደኝነት እስከ መቼ ይዘልቃል?

ትንበያውን በተመለከተ ለእህቴ ለገበሬው ልጅ አንድ ነገር ላሳያት። አሥር የለስላሳ ቆርኪ ውሰጂ። የዘንድሮው ትንበያ ለምሳሌ «ከመደበኛ በታች 50፣ መደበኛ 30፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ» ቢል፣ አምስቱን ቀይ፣ ሦስቱን ነጭ፣ ሁለቱን ሰማያዊ ቀቢ። ከረጢት ውስጥ ጨምረሽ አባትሽ ሳያይ ያውጣ፣ ይመልስ፣ ደጋግሞ ያውጣ። ቀይ ይበዛል፤ ሰማያዊም ግን ይወጣል። ከዚያ «ቀይ ቢወጣ ምን ትዘራለህ? ሰማያዊ ቢወጣስ?» በይው። ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይሻላል ወይ የሚለውን ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ነው የሚነግርሽ። ለእርሻው ከኔ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነው።

የገበሬው ልጅ፦

ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። በአማርኛ ጻፈውና ወደ አፋን ኦሮሞ እኔ እመልሰዋለሁ። አባቴ አልገባኝም ካለ ግን እንደገና ትጽፈዋለህ፤ አልለቅህም።

ጡረታ የወጡት መምህር፦

ጥሩ ነው። ከመታተሙ በፊት እኛ መምህራን እንየው። አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ካላለቀ እንደ ፕላዝማው ይሆናል።

የብሎክ 31 አባት፦

የሳይንቲስቱ ግዴታ ነው በሚለው አሁንም አላመንኩም። ድንጋይና ቆርኪ ከሆነ ግን ወጪው ትንሽ ነው፤ አልቃወምም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከተዋጣው ብር ግማሹ ለቤተ ሙከራ ዕቃ ይመደብ። ይህ ካልሆነ ድምፄን አልሰጥም።

የጂኦግራፊ መምህርቷ፦

ግማሹ ይበቃናል። እንዲያውም ማይክሮስኮፑ ከተገዛ የመጀመሪያ ሥራው የኖራ ድንጋዩን ማየት ይሁን። መርከበኛው ወንድማችን ወደ መርከቡ ከመመለሱ በፊት ብናደርገው ጥሩ ነው፤ የቴርሞሜትሩን ነገር ልጆቹ ከሱ አፍ ይስሙ። የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ይመቻችኋል?