14 ስዊች አፕግሬድ ላደርግ ነው፤ የሌሊቱን ሪስታርት እንዴት ላስይዘው?

የፒያሳው ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቲ ነኝ። ብቻዬን ነኝ። 14 ሲስኮ 2960 ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገናኘው ሳጥን) አለን፤ 6ቱ እዚሁ ዋናው ቢሮ፣ የቀሩት ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ባቲና ወልድያ ናቸው። ፈርምዌራቸው (ውስጣቸው ያለው ሶፍትዌር) አርጅቷል። አለቃዬ በዚህ ወር ይታደስ ብሏል፣ መኪና ግን የለም (አበሉንማ ተዉት)።

ሐሳቤ ቀን ቀን ፋይሉን ከላፕቶፔ በቲኤፍቲፒ (በኔትወርክ ፋይል መላኪያ) መላክ፣ ከዚያ በ«ሪሎድ አት» (በተሞላለት ሰዓት ሪስታርት የሚያደርግ ትዕዛዝ) ሁሉንም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሪስታርት አስይዤ መተኛት ነበር። ባለፈው እሁድ ማታ ከባቲዎቹ በአንዱ ሞከርኩት። 08:00 ብዬ ሞላሁ። ሌሊት ተነስቼ ፒንግ ሳደርገው (መልስ ይሰጥ እንደሆነ ስፈትሸው) ምንም አልሆነም፣ እየሠራ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ቀን፣ ሕዝቡ መስኮቱ ላይ ተሰልፎ እያለ ስዊቹ ድርግም አለ። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው፤ የስልኩ ጩኸት ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የቀሩትን 13 ምን ላድርጋቸው?

ኬብል ሰብሳቢ፦
ይቅርታ፣ ሳቅኩ። ስዊች የሐበሻ ሰዓት አያውቅም ወንድሜ። ከሌሊቱ 8 ለእሱ 02:00 ነው፤ 08:00 ያልከው የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ደግሞ ታይምዞኑ ካልተሞላ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) ነው የሚቆጥረው፤ 02:00 ብትለውም የሚነሳው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይሆናል። መጀመሪያ «ክሎክ ታይምዞን» ላይ 3 ሙላ።

ሌላም አለ። 2960 ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የለውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ «ሾው ክሎክ» ብትለው በፈረንጆቹ መጋቢት 1 ቀን 1993 ይልሃል። ሰዓቱን ካላወቀ ደግሞ «ሪሎድ አት»ን አይቀበልህም። ወይ ኤንቲፒ (ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክልለት) አስገባለት፣ ወይ «ሪሎድ ኢን» ተጠቀም። እሱ ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆጥረው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሆነህ 300 ካልከው ከሌሊቱ 8 ላይ ይነሳል፣ 1993 ይሁን 2025 አያገባውም። ሐሳብህን ከቀየርክ «ሪሎድ ካንስል» አለ። ሁልጊዜ ግን «ሾው ሪሎድ» ብለህ አይተህ ተኛ።

ጋሼ ኮንሶል፦
ልጄ፣ ሰዓቱን ነግረውሃል። እኔ የመብራቱን ልንገርህ፤ ኮምቦልቻ ላይ የደረሰብኝ ነው።

ፋይሉን ጠዋት ላክሁ፣ ቦታ ይልቀቅ ብዬ አሮጌውን ከፍላሽ (ከስዊቹ ማከማቻ) አጠፋሁ፣ የቡት መስመሩንም (ሲነሳ የትኛውን ፋይል እንደሚጭን የሚነግረውን) ወደ አዲሱ አዞርሁ። ሪስታርቱ ለሌሊት ነው ብዬ ምሳ ልበላ ወጣሁ። መብራት ሄደ። ሲመጣ ስዊቹ እኔን አልጠበቀኝም፣ በራሱ በአዲሱ ሊነሳ ሞከረ። ፋይሉ ደግሞ ጎዶሎ ነበር፤ ኤምዲ5 (የፋይሉን ሙሉነት ማረጋገጫ ቁጥር) አላየሁም። «ስዊች፦» የምትለዋ ምልክት ላይ ቆሞ ቀረ። ከደሴ ኮንሶል ኬብል (ላፕቶፕን በቀጥታ ከስዊቹ ጋር የሚያገናኝ) ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድሁ። በኤክስሞደም (በዚያው ኬብል ፋይል መላኪያ) በ9600 ፍጥነት ልሙላው ብዬ ስጀምር 10 ሜጋባይቱ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ነው። ኋላ አንድ ልጅ በስልክ «ጋሼ፣ ፍጥነቱን 115200 ያድርጉት» አለኝና በሩብ ሰዓት አለቀ።

እና ምን ልልህ ነው፣ መላኩና ማዞሩ ሁለት ሥራ ነው። ፋይሉን በፈለግህ ቀን ላክ። አሮጌውን አትንካ፣ ለሁለቱ የሚበቃ ቦታ ካለ ይቀመጥ። «ቨሪፋይ» ብለህ ኤምዲ5ቱን ከአምራቹ ገጽ ጋር አስተያየው። የቡት መስመሩን ግን ሪስታርት በምታስይዝበት ማታ ብቻ አዙር። አስቀድመህ ካዞርህ ሪስታርቱን የሚወስንልህ መብራት ኃይል ነው።

የሐይቋ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ስለ ቅደም ተከተሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስነሳ። ዋናው ቢሮ ላይ ተያይዘው የተሰካኩ ከሆኑ ከጫፍ ጀምር፤ ሁሉም የሚያልፍበትን ስዊች መጨረሻ አድርገው። እሱ መጀመሪያ ከወደቀ የቀሩትን አታያቸውም፣ የትኛው እንደሞተም አታውቅም። በመካከላቸው 20 ደቂቃ ስጥ፣ የመጀመሪያው ካልተነሳ የቀሩትን ለመሰረዝ ጊዜ ይኖርሃል።

ቲኤፍቲፒውን ለቅርንጫፎቹ ተወው። በ512 ባይት በ512 ባይት ነው የሚልከው፣ ለእያንዳንዷም መልስ ይጠብቃል። መስመሩ ደርሶ መልስ 60 ሚሊሰከንድ ቢወስድ 12 ሜጋባይት ፋይል 23 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አቦል ላይ ጀምረህ በረካ ላይ ነው የሚያልቅልህ፣ እሱም መሃል ላይ ካልተቆረጠ። ፋይሉን ቅርንጫፉ ያለ አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጥና ከዚያ ይውሰዱት።

በፓይተን ስክሪፕት ልሥራው ካልክ፣ ኮንፊጉ (የስዊቹ ቅንብር) ሴቭ ካልተደረገ ስዊቹ «ሴቭ ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ስክሪፕትህም እዚያው ተገትሮ ይቀራል። መጀመሪያ «ራይት ሜሞሪ» ብለህ ሴቭ አድርግ። እግረ መንገድህን ስማርት ኢንስቶል (አዲስ ስዊችን ከርቀት የሚያዋቅረው) የማትጠቀምበት ከሆነ «ኖ ቪስታክ» ብለህ ዝጋው፤ በፈረንጆቹ 2018 ትልቅ የደኅንነት ቀዳዳ የወጣበት እሱ ነው፣ ፖርት 4786።

የፒያሳው ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሌሊት ሐይቅንና የዋናውን ቢሮ አራት ስዊቾች ጨረስኩ። አንዱ ሰዓቱ እውነትም 1993 ላይ ነበር፣ «ሪሎድ ኢን» አዳነኝ። ኮምቦልቻና ወልድያ በዚህ ሳምንት ናቸው። የባቲውን ቀሪ መጨረሻ አድርጌዋለሁ፤ ማክሰኞ ሌሊት።