አስቸኳይ፦ ቪኤክስላን ላይ ትልቅ ፋይል ድርቅ ይላል፣ ታችኛው ኔትወርክ ግን ደህና ነው

ተረኛው፦
ጎበዝ፣ ቶሎ ድረሱልኝ። ሁለት ሰርቨሮች ላይ ያሉ ቨርቿል ማሽኖችን በቪኤክስላን (በነባሩ፣ በታችኛው ኔትወርክ ላይ በሚዘረጋ ምናባዊ ኔትወርክ) አገናኝቻለሁ። ፒንግ ይሠራል፣ ኤስኤስኤች ይገባል። ትልቅ ፋይል ስገለብጥ ግን ድርቅ ይላል። አይፐርፍ3 (የፍጥነት መለኪያው) መጀመሪያ ጥቂት ሜጋቢት ያሳይና ከዚያ ዜሮ በዜሮ። ካርዶቹ ባለ 10 ጊጋቢት ናቸው። ተጠቃሚዎች እየጮኹብኝ ነው። ቪኤክስላን ራሱ ቀርፋፋ ነው መሰለኝ፣ ነቅዬ ልጣለው?

ፈጣኑ፦
ሪስታርት አድርገው።

መምህሩ፦
ከመሠረቱ እንጀምር። ቪኤክስላን በ2014 በአርኤፍሲ 7348 (በኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ) የወጣ ነው። ሙሉውን የኢተርኔት ፍሬም ዩዲፒ ውስጥ ጠቅልሎ በፖርት 4789 ይልካል። የቪላን መለያ 12 ቢት ስለሆነ ከ4,094 አያልፍም። የዚህኛው 24 ቢት ነው፣ ወደ 16 ሚሊዮን ይደርሳል። ስለዚህ…

ፓኬት አዳኝ፦
መምህር፣ የሰውዬው ቤት እየነደደ ነው። የጡቡን ታሪክ ለነገ አቆየው።

ጠርጣሪዋ፦
"ቀርፋፋ ነው" የሚለውን አልቀበልም። በአይፒቪ4 ላይ የሚጨምረው 50 ባይት ነው፣ ከ1500 ውስጥ 3 ከመቶ ገደማ። 3 ከመቶ ዜሮ ላይ አይጥልህም። ደግሞስ "ታችኛው ደህና ነው" ያልከው በምን ለክተህ ነው? ከማሽኑ ውስጥ ሆነህ ከሆነ መሃል ያሉት ራውተሮች አይታዩህም፣ ሁለቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ያሉ ይመስልሃል።

ተረኛው፦
ከሰርቨር ሰርቨር በፒንግ ነው። ግማሽ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ጠርጣሪዋ፦
የፒንግህ ፓኬት እኮ ሚጢጢ ነው። ትልቁ ያልፋል ማለት አይደለም።

ፓኬት አዳኝ፦
እንዲህ ለካ። ቪኤክስላኑን ለጊዜው እርሳውና በሰርቨሮቹ በራሳቸው አይፒ አይፐርፍ3 አሂድ። ኤምቲዩ (በአንዴ የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) 1500 ባይት ከሆነ በቲሲፒ 9.4 ጊጋቢት አካባቢ ማየት አለብህ። መነሻህ ያ ነው። ከዚያ ከማሽን ወደ ማሽን፣ "አትቆራርጥ" የሚለውን አብርተህ፣ በፒንግ 1472 ባይት ላክ። ቀጥሎ 1422። ትንሹ መልሶ ትልቁ ጭጭ ካለ ነገሩ ኤምቲዩ ነው። የማሽኑ 1500 ሲጠቀለል 1550 ይሆናል፣ ታች ያለው መንገድ ግን 1500 ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሰርቨሩ ቆራርጦ ቢልከው እንኳ ሁለተኛው ቁራጭ የፖርት ቁጥር ስለሌለው፣ በፖርት የሚያጣራ ፋየርዎል ሊጥለው ይችላል። የማሽኖቹን ወደ 1450 አውርድ፣ ወይም የታችኛውን መንገድ በሙሉ ቢያንስ 1550 አድርግ። በሙሉ ነው ያልኩት። አንድ ስዊች ከረሳህ ያው በገሌ ነው።

ፈጣኑ፦
ሪስታርት አድርገኸዋል ግን?

ስም የለሽ፦
ፋየርዎሉን አጥፋው፣ ያኔ ይለይልሃል።

ፓኬት አዳኝ፦
ሰው እየተጠቀመበት ባለ ሰርቨር ላይ? ባክህ እንዳትሰማው።

ተረኛው፦
1422 መለሰ፣ 1472 ጭጭ! 1450 አደረግኩት፣ ፋይሉ አለፈ። ተባረክ ወንድሜ። ግን ታችኛው 9.4 ጊጋቢት እየሰጠ ላይኛው፣ ቪኤክስላኑ፣ 3 ላይ ተገትሯል። ይሄስ ምንድነው?

ጠርጣሪዋ፦
በአንድ ግንኙነት ብቻ ነው አይደል የለካኸው? 8 አድርገህ ሞክር። የውጪው ዩዲፒ የምንጭ ፖርት የሚሰላው ከውስጠኛው ግንኙነት ስለሆነ፣ አንድ ግንኙነት በአንድ መንገድ ብቻ ይሄዳል። ተቀባዩ ጋ ሲደርስም አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሲፒዩ ኮር ላይ ነው የሚወድቀው። እየለካህ ሳለ ኮሮቹን አንድ በአንድ እያቸው፣ አማካዩ ይሸውድሃል። አንዱ 100 ከመቶ ሆኖ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ከተቀመጡ፣ ካርዱ የቪኤክስላን ኦፍሎድ (ከፓኬት ሥራው ከፊሉን ከሲፒዩ ወደ ካርዱ የሚያዞር) እንዳለውና እንደበራ፣ የካርዱን ቅንብር በሚያሳየው በኢትቱል ትእዛዝ አጣራ። ያገኘኸውን እዚህ ጻፍልን።

እኔም አለሁ፦
እኔም እንደዚሁ ተገትሬያለሁ፣ የኔ ጄኔቭ (እንደ ቪኤክስላን ያለ ሌላ መጠቅለያ) ነው። ተረኛው፣ ምን ላይ ደረስክ?

መምህሩ፦
ጄኔቭ ከሆነ 50 ብለህ አትደምድም። ራስጌው ላይ አማራጮች ስለሚጨመሩ ርዝመቱ ይለያያል። ከታች አይፒቪ6 ከሆነ ደግሞ ሌላ 20 ባይት ደምርበት። ታሪኩን ልቀጥል?