የጎረቤት ውሻ ልጄን ነከሰው፣ አሁን ደግሞ ወረቀት ፈርሚ እያሉኝ ነው

የልጁ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ውሻ የ8 ዓመት ልጄን ባቱ ላይ ነከሰው። ልጁ መንገድ ላይ ነበር የሚጫወተው፣ ግቢያቸው አልገባም። በሩ ተከፍቶ ስለነበር ውሻው ወጥቶ ያዘው። ጥርሱ ገብቷል፣ ደምቷል። በውሃ አጥቤ በጨርቅ አሰርኩለት። ሴትየዋ ደንግጣ መጣችና «ውሻው የተከተበ ነው፣ አትጨነቂ» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባሏ ትንሽ ገንዘብ ይዞ መጥቶ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ፈርሚ ይለኛል። ከጎረቤት መጣላት አልፈልግም፣ ግን ልጄ ነው። ሐኪም ቤት መውሰድ የግድ ነው? ብፈርምስ ምን ይመጣብኛል?

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ልጁን ይዘሽ ውጪ። ዛሬውኑ። ወረቀቱ ይደርሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ያድናል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ስለሚመጣ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ይዘናጋል።

ከመውጣትሽ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቢው። ትናንት አጥቤዋለሁ አትበይ፣ አሁንም ይጠቅማል። ቅጠል፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ምንም ነገር አታድርጊበት። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያልቅም፤ የመጀመሪያው ከተሰጠ በኋላ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን እያለ ይቀጥላልና ቀኑን አታሳልፊ። ቆዳ በስቶ ላደማ ንክሻ ደግሞ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው የሚወጋ መድኃኒት አለ፣ ሳይነግሩሽ ከቀሩ ራስሽ ጠይቂ። የቴታነስም እንደዚሁ። ቁስሉን ወዲያው ካልሰፉት አትደንግጪ፣ የውሻ ንክሻ በቶሎ ከተዘጋ ሊያመረቅዝ ስለሚችል ነው። ቀይ ሆኖ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ልጁን ካተኮሰው ቀጠሮ ሳትጠብቂ ተመለሺ።

ውሻው ደግሞ በሕይወት ይቆይ። እንዳይገድሉት፣ ለሌላ ሰውም እንዳይሰጡት ንገሪያቸው። ታስሮ ለ10 ቀን መታየት አለበት። 10ሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ከጨረሰ ሐኪሙ የቀረውን ክትባት ሊያስቆም ይችላል፣ ክትባቱ የሚጀመረው ግን ያንን ሳይጠብቁ ነው። «የተከተበ ነው» የሚለውን በቃል አትቀበዪ፣ ካርዱን ያሳዩሽ።

ሕግ አዋቂ፦
ስለ ወረቀቱ እኔ ልመልስ። እንዳትፈርሚ። ገንዘቡን ለሕክምና ብለው ከሰጡሽ ተቀብለሽ «ለሕክምና ወጪ በከፊል የተከፈለ» የሚል ደረሰኝ መስጠት ትችያለሽ። «ጥያቄ የለኝም» ግን ሌላ ነገር ነው። ጉዳቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ዛሬ አንቺም አታውቂም፣ ሐኪሙም አያውቅም። ሊያመረቅዝ፣ ጠባሳ ሊቀር፣ ልጁ ውሻ ባየ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ስትጠይቂ የፈረምሽውን አውጥተው ያሳዩሻል።

ሕጉ እንደየአገሩ ቢለያይም በብዙ ቦታ ለተጎዳው ያደላል። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1243ም፣ የኢትዮጵያው 2071ም እንስሳው አምልጦ እንኳን ቢሆን ባለቤቱ ይጠየቃል ይላሉ። ስለዚህ «በሩ ሳናውቅ ተከፍቶ ነው» ማለት አያድናቸውም። «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» የሚለው ክርክር ክብደት የሚኖረው እንደ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ባሉ ቦታዎች ነው፣ ካሊፎርኒያ ግን እሱንም አትቀበልም። መጠየቅ የምትችዪው የመድኃኒቱን ብቻ አይደለም፤ የመመላለሻ ወጪ፣ ከሥራ ቀርተሽ ያጣሽው ደሞዝና ወደፊት የሚመጣው ሕክምናም አለ። ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ እንዳለውም እወቂ። በኢትዮጵያም በካሊፎርኒያም 2 ዓመት ነው፣ ለልጅ አቆጣጠሩ ሊለይ ስለሚችል የአካባቢሽን ጠበቃ ጠይቂ።

አሁን የሚያስፈልግሽ ማስረጃ ነው። ቁስሉን ሳይሸፈን ፎቶ አንሺው፣ በየጥቂት ቀኑም ድገሚ። የተቀደደውን ሱሪ አትጠቢው። ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ያዢ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ «የውሻ ንክሻ» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቂ፣ ደረሰኝ አንድም እንዳይጠፋ። ለፖሊስና ለጤና ጽሕፈት ቤት አመልክቺ፣ የተመዘገበበትን ቁጥርም ያዢ። የቤት ኢንሹራንስ ካላቸው እሱ ሊከፍል ይችላል፣ ጠይቂያቸው። ያ ከሆነ ከኪሳቸው ስለማይወጣ ጎረቤትነቱም ይተርፋል።

ደረጀ 12፦
ማመልከቱን ችላ እንዳትዪ። የወንድሜን ልጅ የነከሰው ውሻ ባለቤት በመጀመሪያው ሳምንት እያለቀሰ ይቅርታ ይጠይቀን ነበር፣ የሕክምናው ሒሳብ ሲበዛ «ውሻው የኔ አይደለም፣ የመንገድ ነው» አለ። ያዳነን ይቅርታ ብሎ የላከው የስልክ መልእክት ነው። ንግግሩን በጽሑፍ አድርጊው።

የልጁ እናት፦
እግዜር ይስጣችሁ። ክትባቱን ጀምሯል፣ መድኃኒቱንም ቁስሉ ላይ ወግተውታል። የውሻው ካርድ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ተገኘ! ለፖሊስ አመልክቻለሁ፣ ውሻውም ታስሯል። አሁን ግን ሰውየው «ልጅሽ ድንጋይ ወርውሮበት ነው» ማለት ጀምሯል። ልጄ አልወረወርኩም ይላል።

ሕግ አዋቂ፦
የሚጠበቅ ክርክር ነው። ውሻውን መተናኮል ካሳውን ሊቀንስ፣ አንዳንድ ቦታም ሊያስቀር ይችላል። ግን የ8 ዓመት ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አይመዘንም። ያዩትን ሰዎች ሳይረሱት አሁኑኑ አስጽፊያቸው፣ ልጁንም ምን እንደሆነ በራሱ አንደበት ይንገርሽ፣ አንቺ ቃል ሳታቀብዪው። ከሰውየው ጋር በሩ ላይ አትከራከሪ። ስለ ካሳው የምትነጋገሩት ልጁ ክትባቱን ጨርሶ፣ ቁስሉም ድኖ ሐኪሙ የመጨረሻውን ማስረጃ ሲጽፍልሽ ነው።